አሮጌውን ብስክሌት ለቆራሌው ከመስጠታችን በፊት

በአገራችን ከተሞች ማለዳ ማለዳ ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ የቆራሌው ጥሪ ነው። ማዳበሪያውን በትከሻው አንጠልጥሎ አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ብረት ድስትና የዛገ ቆርቆሮ የሚሰበስበው ይህ ነጋዴ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው አገልግሎት ቀላል አይደለም። ያገለገለ ብረት ቀልጦ ዳግም ብረት መሆኑ ለኢኮኖሚም ሆነ ለአካባቢ ንጽሕና ይበጃል። ይሁን እንጂ በዚህ ጽሑፍ ለቆራሌው መሰጠት የለበትም ብለን ስለምናምነው አንድ ዕቃ ለመከራከር ተነሥተናል። ይኸውም በየጓሮውና በየመጋዘኑ ጥግ ተደግፎ የሚዝገው አሮጌ ብስክሌት ነው።

ክርክራችን ከቤተሰብ ጉዳይ የመነጨ መሆኑን ከወዲሁ እንገልጻለን። አባታችን በአሰላ ዙሪያ በሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዓመታት አስተምረው በሞት ከተለዩን በኋላ፣ ቤቱ ሲጸዳ ከእህል ማስቀመጫው ጀርባ አንድ ጥቁር የእንግሊዝ ብስክሌት ወጣ። እናታችን «ይኼን ዝገት ደግሞ ቆራሌው ይውሰደው» አሉ። የተፈረደበት ብስክሌት ግን አባታችን ለሥራ ሲመላለሱበት የኖሩት ነበርና ለአንድ ክረምት ዕረፍት እንዲሰጠን ለመንን። በወቅቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጃችን «ከታደሰ ትምህርት ቤት እሄድበታለሁ» ስትል ጉዳዩ ከትዝታነት ወደ ኃላፊነት ተሸጋገረ። ልጅ የሚቀመጥበት ነገር ማማሩ ብቻ አይበቃውም፤ መቆምም መቻል አለበት።

አርሲ በሯጮቿ እንጂ በብስክሌት እንደማትታወቅ ግልጽ ነው። ሆኖም ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበትና እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን በተካሄደው ውድድር ላይ ከሯጮቻችን ጎን ብስክሌተኞችም ተሰልፈዋል። የጋራዥ ቋንቋችንም ምስክር ነው፤ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የእንግሊዝ ብስክሌት በጣሊያንኛ ቃላት በአሰላ ሲፈታ መስማት በራሱ የታሪክ ትምህርት ነው።

ብስክሌቱ ዕድሜውን ሲናገር

የመጀመሪያው ሥራችን ዕቃውን ማወቅ ነበር። በኖቲንግሃም ከተማ የተሠራ ራሌ ነው። ጎማው 28 ኢንች፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ የኋላ ጎማው እምብርትም ስተርሜይ አርቸር የተባለውን ባለሦስት ማርሽ የያዘ ነው። በዚሁ እምብርት ላይ ያለውን ዝገት ስንጠርግ «68 5» የሚል ቁጥር ተገለጠ።

ወንድማችን ቁጥሩን አይቶ «እንግዲህ በ1968 የተሠራ ነው» ሲል ደመደመ። እናታችን ግን ብስክሌቱ በ1965 ዓ.ም. ጎጆ ሲወጡ በቤቱ እንደነበረ ያስታውሳሉ። ክርክሩ የተፈታው ፋብሪካው የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑ ሲታሰብ ነው። 68 ማለት እ.ኤ.አ. 1968፣ 5 ማለት ደግሞ ሜይ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ ወይም ግንቦት 1960 ዓ.ም. ይሆናል። የእናታችን ትዝታ ትክክል ነበር። እርግጥ ነው፣ ቁጥሩ የሚመሰክረው ስለ እምብርቱ እንጂ ስለ ጠቅላላው ብስክሌት አይደለም፤ ጎማው በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና። ማስረጃ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ መለየት የሳይንስ ሀሁ ነው። ልጃችን ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዛገ ብረት ላይ ነው።

የግራው ፔዳል

ቀጥሎ የምንናገረው ለማዕረጋችን የሚመች አይደለም። ፔዳሎቹን ለመፍታት የቀኙን ያለ ችግር አወጣን። ግራው ግን እንቢ አለ። በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተን፣ ቶርክ ከኃይልና ከክንድ ርዝመት ብዜት እንደሚገኝ ለዓመታት ባስተማርነው መሠረት፣ ክንዱን አስረዝመን ተጫንን። ብረቱ መጮህ ሲጀምር ተስፋ ቆርጠን ብስክሌቱን በመናኸሪያው አቅራቢያ ወደሚሠሩ አንድ አረጋዊ ጎሚስታ ይዘን ሄድን። በእርሳቸውም ፊት ያንኑ ትግል ስንቀጥል እጃችንን ያዙን።

«ቆይ ልጄ፣ ልትሰብራት ነው። የግራዋ የምትጠብቀው ወደ ግራ ነው።»

«ለምን ይሆን ጋሼ?» አልናቸው።

«እንዲህ ባትሆን መንገድ ላይ ተፈታ ትወድቅ ነበር። የአባትህንም ሳይክል ስንት ጊዜ ፈትቻታለሁ» አሉና መፍቻውን በተቃራኒው አቅጣጫ ገፋ አደረጉት። ፔዳሉ ተፈታ።

እርሳቸው የነገሩን እውነት ከበስተጀርባው ያማረ ፊዚክስ አለው። አንባቢ በራሱ ሊሞክረው ይችላል። እርሳስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ክብ ውስጥ ላላ አድርጎ ይያዝ፤ ከዚያም የእርሳሱን ጫፍ በክብ ያዙረው። እርሳሱ የጣቶቹን ግድግዳ እየታከከ ሲዞር፣ በራሱ ዙሪያ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲንከባለል ይታያል። የፔዳል ዘንግም በተሰካበት ቀዳዳ ውስጥ እጅግ ጥቂት ክፍተት ስላለው፣ የነጂው ክብደት በተጫነው ቁጥር በዚሁ መንገድ ቀስ በቀስ ይንከባለላል። የግራው ፔዳል ጥርስ እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ዙር በጥቂት በጥቂቱ እየተፈታ ይሄድ ነበር። በተቃራኒው የተቆረጠው መንከባለሉ ራሱ እንዲያጠብቀው ነው።

ከውጭ አገር በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ይዘን ተመልሰን፣ ለዓመታት ስለ ተሽከርካሪ አካላት አስተምረን፣ ይህን አለማወቃችን አሳፍሮናል። ከዚያ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ጎሚስታው ድርጊቱን ያውቃሉ፤ እኛ እኩልታውን እናውቃለን። ሁለቱ እውቀቶች በአንድ ከተማ ውስጥ፣ የአሥር ደቂቃ መንገድ በማይሞላ ርቀት፣ ሳይተዋወቁ ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ አሮጌ ብስክሌትን በቤት ውስጥ ማደስ እነዚህን ሁለት እውቀቶች በአንድ ወንበር ከሚያስቀምጡ ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። የእንግሊዝ ብስክሌት የፊት ጎማ 32፣ የኋላው ደግሞ 40 የሽቦ ዘንጎች አሉት፤ የነጂው ክብደት ይበልጥ የሚያርፈው በኋላው ላይ ስለሆነ ነው። ጎሚስታው የተጣመመውን ቸርኬ ሲያቀኑ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየመቱ ያዳምጣሉ። ወፍራም ድምፅ የሰጠው ላልቷል፤ ቀጭን ድምፅ የሰጠው ተወጥሯል። ይህ የክራር ተጫዋች ሥራ ነው። የአንድ ሽቦ የድምፅ ድግግሞሽ ከውጥረቱ ካሬ ሩት ጋር እኩል እንደሚያድግ በክፍል ውስጥ እናስተምራለን፤ እርሳቸው ደግሞ በዚሁ ሕግ እንጀራ ይበሉበታል።

ለአርሲ ዳገት የተሰላ ለውጥ

አሮጌ ብስክሌት በሚያድሱ ሰዎች ዘንድ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ ወገን ዕቃው ከፋብሪካ እንደወጣ ካልሆነ ታሪኩ ተበላሸ ይላል። ሌላው ያገኘውን ሁሉ ቆርጦና በየልኩ ሳይሆን በየስሜቱ ቀጥሎ አዲስ ነገር ይፈጥራል። እኛ ከሁለቱም አንስማማም። በእኛ እምነት ለውጥ መደረግ ያለበት መልክዓ ምድሩ ሲጠይቅ፣ ስሌቱ ሲደግፈውና ነገ ወደ ነበረበት መመለስ ሲቻል ብቻ ነው።

አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ መሳሳቱ ለሚጋልበው ሰው የነፋስ ግፊትን ያቃልልለታል፤ ነገር ግን በዳገት ላይ በዝግታ ለሚወጣ ሰው የነፋስ ጉዳይ እምብዛም አያሳስበውም፤ የሚያጥረው ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ለሜዳማዋ እንግሊዝ ከተማ የተመረጠው የማርሽ ልክ ለዚህ አገር ከባድ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ፊት ያለው ጥርስ 46፣ ኋላ ያለው 18 ሲሆን የጎማው ዙሪያ 2.23 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር በመካከለኛው ማርሽ ብስክሌቱ 5.7 ሜትር ይሄዳል። በእምብርቱ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ከመካከለኛው ማርሽ አንጻር የታችኛውን ሦስት አራተኛ፣ የላይኛውን አራት ሦስተኛ ያደርጉታል። በመሆኑም በታችኛው ማርሽ የሚኬደው 4.3 ሜትር ያህል ነው። ነጂውና ብስክሌቱ በድምሩ 100 ኪሎ ቢመዝኑና መንገዱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ቢወጣ፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ከጎማው ሰበቃ ጋር 65 ኒውተን ገደማ ይሆናል። የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ እግር በአማካይ 260 ኒውተን መግፋት ይኖርበታል፤ ይህም ወደ 26 ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ ያለማቋረጥ በእግር እንደመጫን ነው።

የኋላውን ጥርስ ከ18 ወደ 22 ብንቀይረው በታችኛው ማርሽ የሚኬደው 3.5 ሜትር ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ግፊትም ወደ 213 ኒውተን ይወርዳል። አጠቃላዩ ሥራ አልቀነሰም፤ ፔዳሉ ብዙ ጊዜ እንዲዞር ተደርጎ ለጉልበት ተከፋፈለ እንጂ። ጎሚስታው ከተሰባበሩ ብስክሌቶች ክምር ውስጥ ባለ22 ጥርሱን ፈልገው አገኙ፤ ሰንሰለቱ ላይም ጥቂት ቀለበቶች ተጨመሩ። አሮጌው ባለ18 ጥርስ ዘይት ተቀብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልጃችን ስሌቱን በደብተሯ ሠርታ፣ ከዚያ በቤታችን በላይ ባለው ዳገት ላይ በእግሯ አረጋግጣዋለች።

ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ለአሰላ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት (ካዱ) ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ የእርሻ መሣሪያን ከአካባቢው በሬ፣ አፈርና ገበሬ ጋር ማስማማት ነበር። ከተማዋ ዛሬም የግብርና መሣሪያ ምርምር ማዕከል አላት። ከውጭ የመጣን መሣሪያ ለአገር ልክ ማበጀት የምንኮራበት ልማድ ሊሆን ይገባል።

የሚያሳስበን ቁልቁለቱ ነው

ዳገት የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ከአሰላ በጎንዴ፣ በኢተያና በዴራ አድርጎ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዳማ የሚወርድ 100 ኪሎ ክብደት 690 ሺህ ጁል ያህል ጉልበት መጣል አለበት። ይህ ሁለት ሊትር የቧንቧ ውኃ አፍልቶ ለበርካታ ጀበና ቡና የሚበቃ ሙቀት ነው። ነፋስና ሰበቃ ከሚወስዱት የተረፈው ሁሉ በፍሬኑ ላስቲክና በቸርኬው ላይ ያርፋል።

የዘንግ ፍሬን ላስቲክ የሚጫነው በክሮም በተለበጠ ብረት ቸርኬ ላይ ነው። ይህ ብረት በደረቅ ጊዜ ተመጣጣኝ ሰበቃ ይሰጣል፤ በአርሲ ክረምት ዝናብ ሲርስ ግን ሰበቃው እጅግ ይቀንሳል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በደረቅ መንገድ በ5 ሜትር ውስጥ ይቆማል ብንል፣ የፍሬኑ ኃይል ወደ ሲሶ ቢወርድ 15 ሜትር ያስፈልገዋል። በመካከል ያለው 10 ሜትር የባጃጅ፣ የጋሪ ወይም የሕፃን ልጅ ቦታ ነው።

ስለዚህ በእድሳቱ ወቅት ከቀለሙ በፊት ገንዘባችንን ያዋልነው ለፍሬን ነው። ዘንጎቹ ተቃንተው፣ ላስቲኮቹ በአዲስ ተተክተው፣ ቸርኬው ከዝገት ጸድቶ በግቢያችን ሜዳ ላይ በደረቅና በውኃ በረጠበ ጎማ ተፈትኗል። ከፈተናው በኋላ በቤቱ አንድ ሕግ ወጣ፤ ዝናብ ሲዘንብ ብስክሌቱ ይገፋል እንጂ አይጋለብም። በዚህ ዓይነት ፍሬን እስከ አዳማ መውረድን ደግሞ ለማንም አንመክርም። ለአሮጌ ዕቃ ያለን ፍቅር የፊዚክስን ሕግ አያስለውጥም።

ለሚሞክሩ አንባብያን

በቤት ውስጥ ለሚሠሩ ውድ አንባብያን ከስሕተታችን የተማርናቸውን ጥቂት ነገሮች እናካፍል። የቆየ ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይገባም፤ በውኃ እያረጠቡ፣ ሕፃናትን አርቆ መሥራትና እጣቢውን ሰብስቦ ማስወገድ ያስፈልጋል። ትናንሽ የዛጉ ብሎኖች በሎሚ ጭማቂና በውኃ ውስጥ ሲያድሩ አሲዱ ዝገቱን ያሟሟዋል፤ ወዲያው ታጥበው፣ ደርቀው ዘይት ካልተቀቡ ግን በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋሉ። ነጭ ጋዝ የደረቀ ግራሶን በሚገባ ያጥባል፤ ሆኖም ከምድጃ መራቅ አለበት። ኩሽኔታዎች ግራሶ ሲፈልጉ ባለሦስት ማርሹ እምብርት ግን ቀጭን ዘይት ብቻ ይፈልጋል፤ ግራሶ ቢገባበት በውስጡ ያሉት ትናንሽ መንጠቆዎች ይያዛሉ። እኛ የስፌት መኪና ዘይት ተጠቅመናል።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ስለ መለዋወጫ ነው። ራሌ በአንዳንድ ክፍሎቹ ላይ ከሌሎች ፋብሪካዎች የተለየ የጥርስ ልክ ይጠቀም ስለነበር፣ ከህንድና ከቻይና የሚመጣው ተመሳሳይ የሚመስል ዕቃ ሁሉ አይገጥምም። በግድ ከተጠመዘዘ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ የተፈታ ዕቃ ምንም ቢያረጅ አይጣል። የፊት ሹካውን ማጠፍ ወይም መቀየርም አይገባም። ብስክሌት ሳይወድቅ የሚሄድበት ምክንያት እስካሁን ተመራማሪዎችን የሚያከራክር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ‹ሳይንስ› በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ለዘመናት ለሚዛኑ ምክንያት ተደርገው ሲጠቀሱ የነበሩት ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የጎማው የመሽከርከር ውጤትና የፊት ሹካው ወደ ኋላ መጎተት፣ ሁለቱም ባይኖሩ እንኳ ብስክሌት ሚዛኑን ሊጠብቅ እንደሚችል በተሠራ ሞዴል አሳይቷል። ሊቃውንቱ ገና የሚመረምሩትን በመዶሻ መቀየር ድፍረት ነው።

ለፋኩልቲያችን የምናቀርበው ሐሳብ

ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው፣ በዚህ ድካም አዲስ ብስክሌት ይገዛ ነበር የሚሉ ወዳጆች አሉን። መጓጓዣ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ክርክራቸው ትክክል ሊሆን ይችላል። እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው። በዘመናችን በእጃችን ያሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የታሸጉ ናቸው፤ ስልኩ ሲበላሽ አይከፈትም፣ ቢከፈትም ዓይን የሚያየው ነገር የለም። አሮጌ ብስክሌት ግን ምሥጢር የለውም። ማንሻው፣ ጥርሱ፣ ሰበቃው፣ ውጥረቱና ዝገቱ ሁሉ በግልጽ ይታያሉ፣ ይዳሰሳሉ፣ ይለካሉ። ራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 አውሮፕላን ከማብረራቸው በፊት ብስክሌት ጠጋኞችና ሠሪዎች እንደነበሩ፣ የአውሮፕላናቸው ማራገቢያዎችም በሰንሰለትና በጥርስ ይዞሩ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

ተማሪዎቻችን የቶርክን ፈተና በሙሉ ውጤት ያልፋሉ። የግራው ፔዳል በየት በኩል እንደሚፈታ ቢጠየቁ ግን መምህራቸው ካወቀው በላይ ያውቃሉ ብለን አንጠብቅም። የቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት እውነተኛ ችግር መሆኑን እንቀበላለን፤ ነገር ግን ለችግሩ ማቃለያ የሚሆን ዕቃ በየጓሮው ሲዝግ እያየን ዝም ማለት አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል አንድ አሮጌ ብስክሌት ከቆራሌው ቀድሞ እንዲገዛ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በቡድን ሆነው ፈትተው፣ ለክተውና ገጣጥመው እንዲያስረክቡ፣ በሥራውም ላይ አንድ የአካባቢ ጎሚስታ ተገቢው አበል ተከፍሎት በመምህርነት እንዲቀመጥ ሐሳብ እናቀርባለን። በአበሉ ጉዳይ ላይ ‹ዲግሪ የለውም› የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እንገምታለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ዲግሪ ያለን ሰዎች ፔዳሉን ልንሰብረው ነበር።

ብስክሌቱ ዛሬ ይሠራል። ቀለሙ አልተቀባም፤ አባታችን ለዓመታት የተቀመጡበት የቆዳ ኮርቻም በእርሳቸው ልክ እንደጎደጎደ ነው። በታችኛው ማርሽ ላይ ሲሆን እስካሁን ያልደረስንበት አንድ ቀጭን ጩኸት ያሰማል። ልጃችን ጩኸቱ ፔዳሉ በዞረ ቁጥር ነው ወይስ ጎማው በዞረ ቁጥር የሚለውን እየቆጠረች ነው። እናታችንም ቆራሌው በበር ሲያልፍ አሁን የሚጠሩት ለሌላ ዕቃ ነው።